የጀልባው መሪ ውቅያኖስ መሃል ቢሰበርስ?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ አለኝ። ሥራዬ የመኪና መሪና የእግር ክፍል ነው። የእህቴ ባል የሚኖረው ስፔን ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የተሠራች 11 ሜትር የምትረዝም ባለ ሸራ ጀልባ ገዝቷል። በመጪው ኅዳር ከካናሪ ደሴቶች ተነስቶ አትላንቲክን አቋርጦ ካሪቢያን ያለችው ሴንት ሉሲያ ደሴት ሊገባ ነው። ‘እጅህ ሥራ ያውቃል፣ ና አብረን እንሂድ፣ 4 ሰው ነን’ አለኝ። እኔ ከላንጋኖ ሌላ ውሃ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ‘መሪው መንገድ ላይ ቢሰበርስ?’ ስለው፣ ‘ሞተር አለን፤ ካልሆነም አንድ በር ነቅለን ረጅም እንጨት ላይ አስረን እንመራታለን’ አለኝ። ነገሩ አልተዋጠልኝም። ያስኬዳል? ምን ልጠይቀው? ምንስ ይዤ ልሂድ?»

አለመዋጡ ልክ ነው። ሁለቱም መልሶች ውቅያኖስ ላይ አያስኬዱም። ይህ ማለት ግን መሪ የተሰበረባት ጀልባ አበቃላት ማለት አይደለም። ከኋላዋ ውሃ ውስጥ የሚጎተት ነገር ታስሮ በሁለት ገመድ ትመራለች። ወደሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ የሞተሩንና የበሩን ጉዳይ እንጨርስ።

ባለ አንድ ሞተር ጀልባ ላይ ፕሮፔለሩ ያለው ከመሪው ክንፍ (ውሃ ውስጥ ከሚዞረው ሰሌዳ) ፊት ነው። ውሃውን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ ይገፋል። ያንን ውሃ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚያጥፈው ክንፉ ነው። ክንፉ ከሌለ ሞተሩ ጀልባዋን ይገፋታል እንጂ አይመራትም። ነፋስና ማዕበል ሲጨመርበት ጀልባዋ ክብ እየሠራች እዚያው ትዞራለች። ግራና ቀኝ ሁለት ሞተር ያላት ካታማራን (ባለ መንታ አካል ጀልባ) ብትሆን ሌላ ነገር ነበር፤ አንዱን ሞተር እያበረቱ ሌላውን እያለዘቡ መምራት ይቻላል። የእናንተዋ ግን እንደዚያ አይደለችም። ደግሞ መሪ በተሰበረበት ግርግር ሰው ገመድ ውሃ ውስጥ ይጥላል። ሞተሩ ሲነሳ ገመዱ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠቀለላል። ያኔ ችግሩ አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል። ስለዚህ በጀልባዋ ዙሪያ ያለው ገመድ በሙሉ ተሰብስቦ ሳይታይ ሞተር አይነካም።

የበሩ ዘዴ በየመጽሐፉ አለ፤ ሥዕሉም ያምራል። ረጅም ምሰሶ ጫፍ ላይ ሰሌዳ በቡሎን ይታሰርና ከጀልባዋ ኋላ እንደ ትልቅ መቅዘፊያ ይያዛል። 7 ወይም 8 ሜትር በምትሆን ቀላል ጀልባ፣ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ይሠራል። 11 ሜትር ጀልባ ግን ዕቃዋን ጭና 7 ቶን አካባቢ ትመዝናለች። ማዕበል ከኋላ ሲያነሳት ሰሌዳው የሚቀበለውን ጉልበት ሁለት ጎልማሳ ተጋግዘው አይዙትም። መጀመሪያ ማሰሪያው ይላላል፣ ቀጥሎ ምሰሶው ይታጠፋል። ሰሌዳውን ውሃ ውስጥ አስጥሞ ማቆየት ራሱ ትግል ነው፤ እንጨት መንሳፈፍ ይፈልጋል። ይህን ሊሞክሩ ሲታገሉ ቀናቸውን የፈጁ ብዙ ናቸው።

አሁን አንተ ወደምታውቀው እንምጣ። የመኪና መሪ ሲበላሽ ፍሬን ትይዛለህ፣ ዳር ታወጣለህ፣ ጎንበስ ብለህ ታያለህ። ጀልባ ፍሬን የላትም። ሸራው ወርዶም ነፋሱ አካሏን እየገፋ ይወስዳታል፤ ጎኗን ለማዕበል ሰጥታ ትንገላታለች። ሁለተኛው ልዩነት ብልሽቱ የት ነው የሚለው ነው። «መሪው ተሰበረ» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው ከእጅ መሪው ክንፉን እስከሚያዞረው ዘንግ ያለው ነው፦ ካቦ፣ ሰንሰለት፣ ካሩኮላ፣ ወይም የዘይት ቱቦ። ይህ ጀልባዋ ውስጥ ነው፤ አንተ ልታስተካክለው ትችላለህ። ሁለተኛው ዘንጉ ራሱና ውሃ ውስጥ ያለው ክንፍ ነው። እሱ ከሄደ መሃል ባሕር ላይ የሚጠግነው የለም፤ አንተም ጭምር።

ስለዚህ መሪው እንቢ ሲል የመጀመሪያው ሥራ ጀልባዋን ማብረድ ነው። ሸራ ይወርዳል ወይም ይጠቀለላል። ዋናውን ሸራ ከታች የያዘው አግዳሚ ብረት ሳይታሰብ ከአንድ ጎን ወደ ሌላ ጎን ይወረወራል፤ ስለዚህ ሁሉም ራሱን ዝቅ ያድርግ። ከዚያ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ከኋላ ካለው የዕቃ ጉድጓድ ይገባል። መጀመሪያ የሚያየው ውሃ ነው። የመሪው ዘንግ በጀልባዋ ወለል ቀዳዳ አልፎ ነው የሚወርደው። ያ ቀዳዳ ወይም ዙሪያው ከተሰነጠቀ ባሕሩ እየገባ ነው ማለት ነው። ከውሃው ወለል ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በደቂቃ ከ200 ሊትር በላይ ያስገባል። የተለመደ የእጅ ፓምፕ ይህን አይችለውም። ውሃ ካለ ሌላው ሁሉ ይቆይ፤ ቀዳዳው በጨርቅ፣ በፍራሽ ስፖንጅ፣ በእንጨት ውታፍ ይደፈን።

ውሃ ከሌለ ላይ ያለው ሰው መሪውን ያዙር፣ ታች ያለው ዘንጉን ይይ። ዘንጉ አናት ላይ ካቦው የሚጠመጠምበት የግማሽ ክብ ቅርጽ ያለው ብረት አለ። መሪው እየዞረ ብረቱ ካልዞረ ካቦው ተበጥሷል ወይም ከቦዩ ወጥቷል። ብረቱና ዘንጉ አብረው እየዞሩ ጀልባዋ ካልታዘዘች ክንፉ የለም፣ ወይም ከዘንጉ ተላቆ ብቻውን ይወዛወዛል። መሪውም ዘንጉም ንቅንቅ ካላሉ አንድ ነገር ነክሶታል። ይህ ምርመራ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ሁሉ የሚወሰነው ግን በሱ ነው። አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። ያ ጉድጓድ ጠባብ ነው፣ ናፍጣ ይሸታል፣ ያለ መሪ የቀረች ጀልባም ክፉኛ ትንጣለች። ባሕር ያልለመደ ሰው እዚያ ገብቶ ሳያስመልስ መውጣቱን እጠራጠራለሁ። ካቦው እንዴት እንደሚገባና ቁልፎቹ ቁጥራቸው ስንት እንደሆነ ወደብ ላይ እያለህ እጅህ ይልመደው።

ብልሽቱ በካቦው በኩል ከሆነ ብዙ ሰው የሚረሳው ቀላል መፍትሔ አለ። አውቶፓይለቱን፣ ጀልባዋን በራሱ የሚመራውን መሣሪያ፣ ማብራት። አውቶፓይለቱ የራሱ ክንድ ኖሮት በቀጥታ ዘንጉን የሚገፋ ዓይነት ከሆነ ካቦ መኖር አለመኖሩ አያገባውም። ጀልባዋን ይዞ ይሄዳል፣ አንተ ታች ተረጋግተህ ትሠራለህ። የእጅ መሪውን የሚያዞር ዓይነት ከሆነ ግን አይረዳህም። የትኛው እንደሆነ አማችህን ጠይቀው።

ሁለተኛው የአደጋ ጊዜ እጀታ ነው። የዘንጉ አናት አራት ማዕዘን ተደርጎ ይሠራል። ወለሉ ላይ ያለችው ክብ ክዳን ትከፈትና የብረት እጀታ ይሰካበታል። ሁሉም ጀልባ ላይ አለ ይባላል። ችግሩ አብዛኛው አጭር ነው፣ ከመሪው ማቆሚያ ጋር ይጋጫል፣ ወይም ተሰክቶ አያውቅም። አጭር እጀታ በባዶ እጅ አይያዝም። ጫፉ ላይ ግራና ቀኝ ገመድ ታስሮ በካሩኮላ በኩል ወደ ዊንች (በእጅ ወደሚዞረው የገመድ መጠቅለያ) ይሄዳል፤ በዊንች ይመራል። ይዤ ልሂድ ላልከው መልሱ እዚህ ጋ ነው። አማችህ የዘንጉን አናት ልክ፣ ከክዳኑ እስከ አናቱ ያለውን ጥልቀት፣ ከመሪው ማቆሚያ ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለክቶ ይላክልህ። ጋራዥህ ውስጥ ወፍራም ቱቦ ቆርጠህ በይድለት። ጫፉ ላይ ለገመድ ሁለት ቀለበት ይኑረው። ቦሌ ላይ ሻንጣ ፈታሹ ምንድን ነው ሲልህ ማስረዳቱ ግን ያንተ ዕዳ ነው።

አሁን ወደ ክፉው እንሂድ፤ ክንፉ የሄደ ጊዜ።

የዚያ ዘመን ጀልባ ክንፍ በአብዛኛው ሁለት የፋይበር ቅርፊት ነው፣ ውስጡ ፎም የተሞላ። ዘንጉ መሃሉ ይገባል፤ ዘንጉ ላይ የስቴንለስ ላሜራዎች ተበይደው ፎሙን ይይዛሉ። ከታች ምንም የሚደግፈው የለም፣ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ስለዚህ ጫናው ሁሉ የታችኛው ኩሽኔታ ጋ ይሰበሰባል፤ ዘንጉ ሲሰበርም ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው። ሌላው ጠላት ውሃ ነው። በዘንጉ ዳር ቀስ እያለ ይሰርግና ፎሙ ውስጥ ይቀመጣል። ስቴንለስ አይዝግም የሚባለው አየር ካገኘ ነው። አየር በሌለበት እርጥበት ውስጥ ብየዳው አካባቢ እየተቆፈረ ይበላል። ከውጭ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ከውስጥ ላሜራው ተለያይቷል። አንድ ማታ ማዕበል ሲበረታ ክንፉ ዘንጉ ላይ ይዞርና ይቀራል። ሰው «ባሕሩ ሰበረው» ይላል። ባሕሩ የጨረሰው ለዓመታት ሲበላ የቆየውን ነው።

እናንተ ደግሞ ሌላ ነገር አለባችሁ። ከስፔን ወደ ካናሪ የሚወስደው መንገድ በጅብራልታር አካባቢ ያልፋል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስፔንና በፖርቱጋል ዳርቻ ኦርካ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች የጀልባ መሪ እየገፉ ይሰብራሉ፤ የሰጠሙ ጀልባዎችም አሉ። ለምን እንደሚያደርጉት ብዙ ይባላል። ለእናንተ የሚጠቅመው ዳርቻውን ይዞ፣ ጥልቀቱ አነስ ባለበት መሄድ የሚመከር መሆኑ ነው። መሪው የሚሰበረው ውቅያኖስ መሃል ብቻ እንዳይመስልህ።

ክንፉ ከሄደ ጀልባዋን የሚመራት ጉተታ ነው። ድሮግ የሚባል ከጠንካራ ሸራ ወይም ከቀበቶ ጨርቅ የተሠራ ሾጣጣ ከረጢት አለ፤ ሁለቱም ጫፉ ክፍት ነው። ከጀልባዋ ኋላ ይጎተታል። ሁለት ገመድ ይታሰርበታል፣ አንዱ በቀኝ ጎን፣ አንዱ በግራ። የቀኙን ስታሳጥር ጉተታው ወደ ቀኝ ጎን ይዞራል፣ አፍንጫዋም ወደ ቀኝ ትዞራለች። የግራውን ስታሳጥር ወደ ግራ። የጋሪ ፈረስ በልጓም እንደሚመራው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ልጓሙ ከፊት ሳይሆን ከኋላ መሆኑ ነው።

ዋናው ምስጢር ገመዶቹ ከየት ይሳባሉ የሚለው ነው። ጀማሪ ሁሉ ከኋላ ጥግ ላይ ያስራቸዋል። ከዚያ ካሰርካቸው ጉተታው ኋላዋን ቀጥ አድርጎ ይይዛታል፣ መዞርም አትችልም። ጀልባ የምትዞረው መሃሏ አካባቢ ባለ ነጥብ ላይ ነው። ስለዚህ ገመዶቹ ከጀልባዋ መሃል፣ ሰፊው ጎኗ ላይ በተሰቀሉ ካሩኮላዎች በኩል ያልፉና ወደ ኋላ ተመልሰው ዊንች ላይ ይጠቀለላሉ። ከዚያ የሚቀረው ማኖቬላ ማዞር ብቻ ነው። ርቀቱ አንድ የጀልባ ርዝመት ያህል ይጀመርና ማዕበሉ እየታየ ይስተካከላል። ድሮጉ ከውሃ እየዘለለ ከወጣ ገመዱን አርዝመው፣ ከፊቱም 3 ወይም 4 ሜትር ሰንሰለት ጨምርበት፣ ክብደቱ ያሰጥመዋል። ገመዱ ጀልባዋን በሚነካበት ቦታ ሁሉ የውሃ ጎማ ቆርጠህ አልብሰው። ያለማቋረጥ የሚፋተግ ገመድ በአንድ ሌሊት ይበላል።

የድሮጉ መጠን ላይ ሰው ይሳሳታል። ለከባድ ማዕበል የሚሸጡ አሉ፤ አንደኛው ዓይነት በረጅም ገመድ ላይ ከመቶ በላይ ትንንሽ ከረጢት የተደረደረበት ነው። እነሱ ጀልባዋን በጣም ለማዘግየት የተሠሩ ናቸው። ለመምራት ከተጠቀምክባቸው የቆመች ያህል ትሆናለች። ከፊት የሚጣለው ትልቅ ጃንጥላም እንደዚያው። ለመሪነት የሚያስፈልገው አነስ ያለ፣ እየጎተተ የሚያስኬድ ነው። ድሮግ ከሌለ ወፍራም ባልዲ ሊሞከር ይችላል፤ መያዣው ቶሎ ይነቀላል እንጂ። ከባልዲ ይልቅ የመኪና ጎማ ከሰንሰለት ጋር ይሻላል። ጎማ ደግሞ ላንተ አላስተምርህም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሸራው ከተመጠነ ነው። የፊት ሸራ አፍንጫዋን ከነፋሱ ያርቃል፣ ዋናው ሸራ ወደ ነፋሱ ያዞራታል። ትልልቁን ሥራ ሸራው ይሠራል፣ ድሮጉ ቀሪውን ያስተካክላል። «በሸራ ብቻ ይመራል» የሚሉ አሉ። ረጅም ኪል (ከሆዳቸው ሥር ወደ ውሃው የሚወርደው ክፍል) ባላቸው የድሮ ጀልባዎች እውነት አለው። ጠባብ ኪል ባላት ጀልባ ላይ ግን ማዕበል ባለበት ለደቂቃ ያህል ቀጥ ትልና ትዞራለች። እናንተ በምትሄዱበት መንገድ ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከኋላ ነው። ይህ ዕድል ነው። ዋናውን ሸራ ሙሉ በሙሉ አውርዱት። ትንሽ የፊት ሸራ ብቻ ከፍታችሁ ድሮጉን ከኋላ ልቀቁ። ከፊት የሚስብ፣ ከኋላ የሚይዝ ሲኖር ጀልባዋ ትረጋለች። ነፋስ ከጎን ሲመጣም ትሄዳለች። ወደ ነፋሱ ለመውጣት ግን አትጠብቅ። ስለዚህ መንገድ መሃል መሪ ከጠፋ ወደ ኋላ መመለስ የሚባል የለም፤ መድረሻው ፊት ለፊት ያለው ዳርቻ ነው።

እዚህ ላይ ሂሳብ እንሥራ። ከካናሪ ሴንት ሉሲያ 2,700 የባሕር ማይል ያህል ነው። መሪው ግማሽ መንገድ ላይ ተሰበረ እንበል፤ 1,350 ቀርቷል። በደህናው ጊዜ በሰዓት 6 የባሕር ማይል ብትሄዱ በቀን 144 ነው፣ ከ9 ቀን በጥቂት በለጥ ይላል። ድሮግ እየጎተታችሁ 4 ከሄዳችሁ ጥሩ ነው፤ በቀን 96፣ ወደ 14 ቀን። 5 ቀን ተጨመረ። ለ4 ሰው በቀን 3 ሊትር ብታስቡ 60 ሊትር ተጨማሪ የሚጠጣ ውሃ ማለት ነው። እህትህ በሶና ጭኮ ትልክልህ ይሆናል፣ ውሃውን ግን አማችህ ይጫን። ተጨማሪው ውሃ በትልቁ ታንክ ሳይሆን በጄሪካን ይሁን። ታንክ ካፈሰሰ ሁሉም ይሄዳል።

ከሁሉም የከፋው ክንፉ ሳይወድቅ ተጣሞ ሲነክስ ነው። የሌለ መሪ አያግዝም፣ አያስቸግርምም። የተነከሰ መሪ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1941 የጀርመኑ የጦር መርከብ ቢስማርክ ከአውሮፕላን በተጣለ ቶርፒዶ ተመትቶ መሪው 12 ዲግሪ ወደ ግራ እንደታጠፈ ነከሰ። ሞተሮቹ ይሠሩ ነበር። በፕሮፔለሮቹ ለመምራት ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም፤ በማግስቱ ጠላት ደርሶበት ሰጠመ። በጀልባ ላይ የሚደረገው መጀመሪያ በአደጋ ጊዜ እጀታው ወደ መሃል ለመመለስ መግፋት ነው። የቆዩ ባሕረኞች የክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ አስቀድመው ቀዳዳ ያስበሳሉ፣ ፎሙን በኤፖክሲ ያሽጋሉ፣ ቀዳዳውን በሰም ይደፍናሉ። ክፉ ቀን ሲመጣ ገመድ አሳልፈው ክንፉን ከላይ ሆነው ይስቡታል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን ገመዱን ለማሳለፍ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው ይፈልጋል። የምትንገላታ ጀልባ ኋላ ሥር መግባት ራስ ያስፈልጣል። ባሕሩ ካልተኛ ማንም እንዳይገባ፤ አማችህም ቢያዝህ እምቢ በል።

እርዳታ መጥራት ላይ አጭር ነገር ልበል። መሪ የለኝም ተብሎ ከጀልባ አይወጣም። ውሃ የማይገባባት ጀልባ ከነፍስ አድን ጎማው ትሻላለች። ውሃ ካልገባና የተጎዳ ሰው ከሌለ በሬዲዮ የሚጠራው «ፓን ፓን» ነው፤ «ሜይዴይ» ሕይወት አፋፍ ላይ ሲሆን ነው። ቻናሉ 16 ነው፤ የሚደርሰው ግን አካባቢህ ያለ መርከብ ጋ ብቻ ነው። መሃል ባሕር ላይ የሳተላይት ስልክ ይኑራችሁ። ማታ ሁለት ቀይ መብራት፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ ከዙሪያው ሁሉ እንዲታይ ስቀሉ፤ መርከቤን ማዘዝ አልቻልኩም ማለት ነው። ከ12 ሜትር በታች ላለች ጀልባ ግዴታ አይደለም፤ ቢሆንም ስቀሉት። ሊጎትታችሁ የሚመጣ ካለ ድሮጉን አታውጡ፤ መሪ የሌላት ጀልባ ስትጎተት ግራ ቀኝ ትወረወራለች፣ ድሮጉ ኋላዋን ይይዝላችኋል።

አሁን ምን ልጠይቀው ወዳልከው። ዓለም አቀፍ ሕግ ትልልቅ መርከቦች የአደጋ ጊዜ መሪያቸውን ቢያንስ በየ3 ወሩ እንዲለማመዱ ያስገድዳል። በዘይት ጉልበት የሚሠራ፣ ከመነሳታቸው በፊት የሚፈተሽ፣ መለዋወጫ ያለው መሪ ነው ያላቸው፤ እንደዚያም ሆኖ ይጠረጠራል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1978 አሞኮ ካዲዝ የተባለ የነዳጅ መርከብ ፈረንሳይ ዳርቻ ላይ መሪው ከድቶት ድንጋይ ላይ ወጣ፤ ከ220,000 ቶን በላይ ዘይት ፈሰሰ። ከ30 ዓመት በላይ የሆናት የግል ጀልባን «ደህና ናት» በሚል ቃል ብቻ አትመናት።

ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ ክሬን ላይ እያለች መሪው ከነዘንጉ ይውረድ። መሬት ላይ ካስቀመጧት በኋላ ዘንጉን ለማውጣት ጉድጓድ መቆፈር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ክሬኑ ላይ እያለች ቀላል ነው። ከመውረዱ በፊት አንተ በቪዲዮ ስልክ ሆነህ አራት ነገር እንዲያሳይህ አድርግ። አንደኛ፣ የክንፉን የታች ጠርዝ ይዞ ግራ ቀኝ ይነቅንቀው፤ ኩሽኔታው ጋ ከተላወሰ ኩሽኔታው አልቋል። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ላይ ሆኖ የአደጋ ጊዜ እጀታውን ሰክቶ አጥብቆ ይያዝ፣ ሌላው ከታች ክንፉን ይግፋ። ዘንጉ ቆሞ ክንፉ ትንሽ እንኳ ከሄደ ውስጡ ያለው ላሜራ ተለያይቷል፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ በመዶሻ እጀታ ክንፉን እየነካካ ድምፁን ያሰማህ፤ ጥርት ካለው ወደ ድፍን የሚለወጥበት ቦታ ቅርፊቱ ከፎሙ ተላቋል። አራተኛ፣ ከታች የሚንጠባጠብ ነገር ካለ ቀለሙን ያሳይህ። ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ከሆነ ለአማችህ ከፍተህ እይ እንኳ አትበለው፤ አዲስ ይሠራ። የመጀመሪያው፣ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበረው መሪ ከሆነ ደግሞ ምንም ምልክት ባይታይ እንኳ የኔ ምክር አዲስ ይሠራ ነው። ዋጋው ያማል። ገና ለሸራ፣ ለሶላርና ለቡና ማሽን ገንዘብ እያወጣ ከሆነ ግን ከዚያ ይቀንስ።

ድሮጉም ተገዝቶ ካሩኮላዎቹና ገመዶቹ ተቆርጠው አንድ ከረጢት ውስጥ ይቀመጡ። ከመነሳታችሁ በፊት መጠነኛ ነፋስ ባለበት ቀን ወጥታችሁ መሪውን መሃል ላይ አስራችሁ በድሮግ ብቻ ሞክሩ። መሪው መሃል ላይ ታስሮ ሲሞከር ከእውነተኛው ይቀላል፤ የታሰረው ክንፍም ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ ይይዛታልና። እዚያ ላይ ካስቸገራችሁ ያለ ክንፍ አይሆንላችሁም ማለት ነው፤ ገመዱን፣ ርቀቱን፣ ሸራውን እየቀያየራችሁ እስኪታዘዝ ድረስ ቆዩበት። አንተ እስከዚያ ቢሾፍቱ ወርደህ ባቦጋያ ላይ የቀዘፋ ጀልባ ካገኘህ ባልዲ አስረህ አንዴ ከኋላ ጥግ፣ አንዴ ከመሃል ጎን ጎትተው። ልዩነቱን በቃል ከምነግርህ እጅህ ቶሎ ያውቀዋል።

ቁርጡ ይኸው ነው። መሪው ወርዶ ካልታየ ወይም በአዲስ ካልተተካ፣ ድሮጉም ባሕር ላይ ካልተሞከረ አትሳፈር። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድልም አትሳፈር። እህትህን እንዳላስቀይም ብለህ አትግደርደር። የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት የሚያበቃው በኅዳር ነው፣ ጉዞውም ለዚያ ጊዜ ተቆርጧል፤ አዲስ መሪ ማሠራት ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል። ክሬኑ ነሐሴ ላይ ካልተያዘ ለኅዳሩ ጉዞ አይደርስም። ዛሬውኑ ደውልለትና መቼ እንደሚያወጣት ቀኑን ጠይቀው።